እየጠራ የቀረው ቺፕ

አንድ ይሁኔ የሚባል መሐንዲስ ነበር። ሥራው የሕክምና መሣሪያዎችን ከርነል መጻፍ ነው፤ ከርነል ማለት በመሣሪያው ውስጥ ያለው ሁሉ የሚታዘዝለት ዋናው ፕሮግራም ነው። ያኔ የያዘው በዩኤስቢ ቻርጅ የሚደረግ የኦክስጅን መሣሪያ ነበር። በውስጡ ኃይሉን የሚጠብቅ አንድ ትንሽ ቺፕ አለ። ቻርጁ ሲቋረጥ ቺፑ አንዲት ሽቦ ይዞ ከርነሉን ይጠራል። ከርነሉ መጥቶ ምን እንደሆነ እስኪጠይቀው ድረስ ሽቦዋን አይለቅም።

ይሁኔ መጀመሪያ ከርነሉ ሽቦዋ እስከተያዘች ድረስ እንዲሰማ አድርጎ አዘጋጀው። ታዲያ ጥሪው መቆሚያ አጣ፤ መሣሪያው በየደቂቃው ቀጥ ይል ጀመር። ጥፋቱ ከርነሉ ውስጥ ለቺፑ መልስ የሚሰጠው ክፍል ላይ ነበር፤ ግን ያንን ማን ተቀምጦ ይፈልግ? ይሁኔ አቋራጩን መረጠ። ሽቦዋ ስትያዝ አንዴ ብቻ እንዲሰማ፣ ከዚያ ወዲያ እንዳያያት አደረገ። መሣሪያው ሰላም ሆነ፤ አለቆቹም ጎሽ አሉት።

ጋሽ ሽብሩ የሚባሉ አንጋፋ ባልደረባው ግን አልወደዱትም። ከርነሉ በዚያች ቅጽበት ሌላ ሥራ ላይ ከሆነ ጥሪው ያመልጠዋል፣ ቺፑም ሽቦዋን እንደያዘ ይቀራል ብለው ነገሩት።

«ቅጽበት እኮ ናት ጋሼ» አላቸው ይሁኔ። «ዝም ካለልን ምን አስነካካን?»

መሣሪያው አቶ ደጀኔ ቤት ገባ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ሳንባቸው ደክሞ ያለ ኦክስጅን መተንፈስ አይችሉም ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቻርጀሩ ገመድ ላላ። ቺፑ ሽቦዋን ያዘ። ከርነሉ በዚያች ቅጽበት ሌላ ሥራ ይዞ ነበርና አልሰማም፤ ስክሪኑም ቻርጅ እያደረገ ነው ማለቱን ቀጠለ። አቶ ደጀኔ አጠገባቸው ተቀምጠው ስክሪኑን ደጋግመው አይተዋል። ባትሪው አልቆ መሣሪያው ያለ ማስጠንቀቂያ ሲቆም አቶ ደጀኔ ባለቤታቸው እንቅልፍ የወሰዳቸው መሰላቸው። እንዳይቀሰቅሷቸው ብለው ሬዲዮኑን ቀነሱ።

በሠልስቱ ይሁኔ መጣ። መሣሪያውን ፈቶ መለኪያውን ሽቦዋ ላይ አሳረፈ። ባትሪው ውስጥ ቺፑን ብቻ የምታቆይ ኃይል ቀርታ ነበር። ይሁኔ ቀና ማለት አቃተው።

«ምን አገኘህ ልጄ?» አሉት አቶ ደጀኔ።

«አሁንም እየጠራ ነው አባባ።»

«እኔ እኮ አጠገቧ ነበርኩ» አሉ ሽማግሌው። ይሁኔ በኋላ ፕሮግራሙን አስተካከለው፤ ምን ዋጋ አለው?

እኛም እንዲሁ ነን። ለቅሶ ሲጀመር ብቅ ብለን እናያለን፤ የቆየ ለቅሶ ግን ጆሯችን አይገባም። ዝም ያለውን ሁሉ ደህና ነው እንላለን። አንተስ፣ ሥራ ላይ ሆነህ ሲጠራህ ያልሰማኸው፣ ዛሬም ድረስ ቀርበህ ምን ሆንክ ያላልከው ሰው ቤትህ ውስጥ የለም?