ሁለት እግር የቀራት በርጩማ

ጆሯችሁን ወዲህ በሉ፣ ተረት ላቀብላችሁ።

አባባ ሽብሩ የሚባሉ አያት ነበሩ። በቤተሰቡ ውስጥ የተበላሸ ነገር ሁሉ ወደ እሳቸው ይሄዳል። የሚያነክስ አልጋ፣ የሚያፈስ ጣሪያ፣ የሚያጉረመርም ራዲዮ፣ ሁሉም ከእጃቸው ድኖ ይወጣል። የሰፈሩ ሰውማ መዶሻ መግዛት ትቶ ነበር፤ ሽብሩ እያሉ ምን ሊሆን! ታዲያ ሞት መቼ ለጠጋኝ ያዝናል፣ ወሰዳቸው። እኔም እንዲህ እየቀለድኩ የማወራው እንዳላለቅስ ነው።

የተዝካራቸው ዋዜማ ነው። ልጃቸው ዘሪሁን መጥረቢያ ይዞ ለድግሱ ማገዶ ይፈልጋል። ዓይኑ አንዲት በርጩማ ላይ አረፈ። ሦስት እግር ነበራት፤ አንዱ ወልቆ ሁለት ቀርቷታል። አባባ ሽብሩ ከመሞታቸው በፊት ለልጅ ልጃቸው ለውባለም የሠሯት የመጨረሻ ዕቃ ናት።

«ይቺስ ለእሳት ነች» አለ ዘሪሁን።

«ጋሼ፣ ተዋት! አባባ የሠራልኝ ናት!» አለች ውባለም።

«በሁለት እግር የሚቆም ሰውና ዶሮ ብቻ ነው። የጓሮውን ግንድ ፈልጬ ስመለስ ቆማ ካላገኘኋት ትማገዳለች።»

ውባለም የምትፈልገው ይህችኑ ብቻ ነው፤ በርጩማዋ እንድትቆምላት።

«በርጩማ በርጩማ፣ ቁሚ!» አለቻት። «እግሬ ካልገባ አልቆምም» አለች።

«እግር እግር፣ ግባ! በርጩማ አልቆምም አለች።» «ምስማር ካልያዘኝ አልገባም» አለ።

ከመሬት ምስማር ለቀመች። «ምስማር ምስማር፣ ያዝ! እግር አልገባም አለ፣ በርጩማ አልቆምም አለች።» «መዶሻ ካልመታኝ አልይዝም» አለ።

መዶሻው ባለቤቱ ካረፉ ወዲህ ፀሐይ ላይ ተጥሎ ከርሟል። እጀታው ደርቆ ጭንቅላቱ ይወዛወዛል። «መዶሻ መዶሻ፣ ምታ! ምስማር አልይዝም አለ፣ እግር አልገባም አለ፣ በርጩማ አልቆምም አለች።» «እጀታዬ ውሃ ጠጥቶ ካላበጠ አልመታም፤ ጭንቅላቴ ወልቆ ሰው ይፈነክታል» አለ። እውነቱን ነው።

የጀሪካኑ ውሃ በሙሉ ለድግሱ ጠላ ሄዷል። ወደ ቧንቧው ሮጠች። «ቧንቧ ቧንቧ፣ ውሃ ስጥ! መዶሻ አልመታም አለ፣ ምስማር አልይዝም አለ፣ እግር አልገባም አለ፣ በርጩማ አልቆምም አለች።» «መክፈቻዬ ተሰብሯል፤ ፒንሳ ካልጠመዘዘኝ አልሰጥም» አለ።

ፒንሳው በአባባ ሽብሩ የዕቃ ሳጥን ውስጥ ተኝቷል። «ፒንሳ ፒንሳ፣ ጠምዝዝ! ቧንቧ ውሃ አልሰጥም አለ፣ መዶሻ አልመታም አለ፣ ምስማር አልይዝም አለ፣ እግር አልገባም አለ፣ በርጩማ አልቆምም አለች።» ፒንሳው ከውስጥ ሆኖ «ሳጥኑ ካልተከፈተ አልጠመዝዝም» አለ። ሳጥኑም «ያለ ቁልፍ አልከፈትም፤ ቁልፌ እምዬ አስካለ አንገት ላይ ነው» አለ።

እምዬ አስካለ የአባባ ሽብሩ ባለቤት ናቸው። ከቀብሩ ወዲህ ከጓዳ አልወጡም። ቁልፉን ከማተባቸው ጋር አስረውታል። ዘሪሁን ለመናቸው፣ ጎረቤትም ለመናቸው፣ እንቢ አሉ።

«እምዬ እምዬ፣ ቁልፉን ስጪኝ! ሳጥን አልከፈትም አለ፣ ፒንሳ አልጠመዝዝም አለ፣ ቧንቧ ውሃ አልሰጥም አለ፣ መዶሻ አልመታም አለ፣ ምስማር አልይዝም አለ፣ እግር አልገባም አለ፣ በርጩማ አልቆምም አለች፣ ጋሼ ደግሞ ሊማግዳት ነው!»

«አልሰጥም» አሉ እምዬ።

«ለምን?»

እምዬ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። «ሽብሩ አንዲት ምስማር እንኳ ብቻውን አይመታም ነበር። ‹አስካለ፣ ነይ ያዢልኝ› ይለኛል። ወጥ ጥጄም ቢሆን ትቼ እሄዳለሁ። እየተቆጣሁ ነበር የምሄደው፣ አየሽ። አሁን ሁሉም ‹ቁልፉን ስጪን› ነው የሚለኝ። ያዢልኝ የሚለኝ ሰው የለም።»

ውባለም ቆም ብላ አሰበች። በአንድ እጅ በርጩማዋን፣ በአንድ እጅ እግሩን ብትይዝ፣ መዶሻውን በየትኛው ልታነሣው ነው? ለካ ይህን ሁሉ ስትሮጥ እጇ ሁለት ብቻ መሆኑን ረስታዋለች።

«እምዬ» አለች፣ «እኔም ብቻዬን አልችልም። ነይ ያዢልኝ።»

እምዬ ብድግ አሉ።

ቁልፍ ሳጥኑን ከፈተ፣ ፒንሳ ቧንቧውን ጠመዘዘ፣ ቧንቧ ውሃ ሰጠ፣ መዶሻ ጠጥቶ ጠጥቶ አበጠ፣ እምዬ ያዙ፣ ውባለም መታች፣ ምስማር ያዘ፣ እግር ገባ። «ኧረ ጣቴን እንዳትጨፈልቂው!» እያሉ እምዬ ይቆጣሉ። ሲቆጡ ደግሞ ያምርባቸዋል። በርጩማዋም ትንሽ ዘመም ብላ ቆመች።

ዘሪሁን መጥረቢያውን በትከሻው አድርጎ ሲመጣ፣ እናቱ ደጅ ወጥተው በርጩማዋ ላይ ተቀምጠዋል። መጥረቢያውን መሬት አስቀመጠና እዚያው ቆመ።

«ምን ትገተራለህ? ሌላ ማገዶ ፈልግ» አሉት። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ውባለም፣ የጓዳዬም በር ተገንጥሏል። መዶሻሽን አምጪ፣ እይዝልሻለሁ።»

ተረቴን አቀበልኳችሁ፤ እናንተም ያዙልኝ።