ፊታውራሪና የገለባው ውርርድ

ፊታውራሪ አስረስ ለኮርማ ጥጃቸው ገብስ ብቻ ያስቀርቡለት ነበር። ጎረቤታቸው የሆነች አንዲት ምላሰኛ ባልቴት ግን ያላትን አንድ ጥጃ በገለባና በድርቆሽ ታሳድጋለች፤ ገብሱን ለቅምሻ ያህል ጣል ታደርግለታለች።

አንድ ቀን ፊታውራሪ በሽማግሌዎች ፊት፣ "ገለባ የድሃ ከብት ቀለብ ነው። እስከ መስቀል ጥጃው የወፈረለት ሁለቱንም ይውሰድ" አሏት።

"እሺ ጌታዬ" አለች። ብትሸነፍ በረቷ ባዶ ሊቀር ነው፤ ግን የከብትን ሆድ ታውቃለች። የከብት ትልቁ ጨጓራ እኮ እንደ ጠላ ጋን ነው፤ የገባበትን ያብላላል። ገብስ ብቻ ከሞሉበት ይኮመጥጣል። ገለባ ሲገባበት ግን ከብቱ የዋጠውን ወደ አፉ እየመለሰ ያመሰኳል፤ ምራቁም ኮምጣጣውን ያበርደዋል።

መስቀል ደረሰ። የእሷ ጥጃ ደልቦ፣ እያመሰኳ መጣ። የፊታውራሪ ጥጃ ሆዱ ተነፍቶ ጎድኑ ይቆጠራል፤ ማመስኳት ከተወም ሰንብቷል።

ባልቴቷ ሁለቱንም ገመድ ልትይዝ እጇን ስትዘረጋ ፊታውራሪ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኔ እንዲያ አላልሁም። ወፍራሙ ለጌታ ይገባል ነው ያልሁት። የአንቺንም ወዲህ በይው።"

ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ።

"ይሁን ጌታዬ" አለች የጥጃዋን አንገት እያሻሸች። "ብቻ አንድ ነገር ያስተምሩኝ። ይሄ እንስሳ የዋጠውን ማውጣት የቻለው ገለባ በልቶ ነው። እርስዎ ያወጡትን መልሰው መዋጥ የቻሉት ምን በልተው ነው?"

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሲያፍኑ፣ ፊታውራሪ ሁለቱንም ገመድ በገዛ እጃቸው አቀበሏት።