የሚያለቅሰው ሐረግ

ወይዘሮ የሺመቤት የኔታ ክንፉ ዘንድ የመጣችው በልጇ ጉዳይ ነው። ልጅቱ ትምህርቷን አቋርጣ ቤት ከገባች ወዲህ ክፍሏን ዘግታ ታለቅሳለች። እናት ያላደረገችው የለም፤ የምትወደውን ምግብ ሠራች፣ ጓደኞቿን ጠራች፣ ዘመድ አዝማድ እየመጣ እንዲመክራት አደረገች። ልጅቱ ግን ጭራሽ ቤቱን ጥዬ እሄዳለሁ ማለት ጀምራለች።

«የኔታ፣ ከዚህ በላይ ምን ልጨምርላት?» አለች።

የኔታ እንዲህ ሲሉ ነገሯት።

አንድ አናጢ ነበረ። ሚስቱ ስትሞት የተወችለት ነፍስ ያለው ነገር አንድ የቤት ውስጥ ሐረግ ብቻ ነው፤ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ካለ ጣሳ ተነሥቶ ግድግዳውን ይዞ የሚወርድ፣ ቅጠሉ ልብ የሚመስል። በሕይወት ሳለች የምትንከባከበው እሷ ነበረች፤ እሱ ቀና ብሎም አይቶት አያውቅ። አሁን ግን ዐይኑ ከሐረጉ አልነቀል አለው።

አንድ ማለዳ ከቅጠሎቹ ጫፍ ውሃ ጠብ ሲል አየ። ጣሪያው አፈሰሰ እንዳይል ወቅቱ በጋ ነው። ወንበር ላይ ወጥቶ በጣቱ ቢነካው ጠብታው የሚወጣው ከራሱ ከቅጠሉ ነው። ደነቀው። ሐረጉ እንደሱ ሚስቱን እያስታወሰ የሚያለቅስ መሰለው። ከዚያ፣ ጠምቶትም ይሆናል ብሎ አጠጣው። በማግስቱም አለቀሰ፤ አሁንም አጠጣው። ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር ያነሰው መስሎት ጨመረ። ሰውየው ሰነፍ አልነበረም፣ ክፉም አልነበረም። ያንን ሐረግ እንዳያጣ ፈርቶ ነው።

አንድ ቀን ጎረቤቱ የሆነች አሮጊት ልትጠይቀው ገባች። ቅጠሉ ረግፎ ብታይ ምን እንደነካው ጠየቀችው፤ እሱም ጠምቶት እንደሚያለቅስ፣ ውሃ አልበቃው እንዳለ ነገራት። ሴትዮዋ ጠብታውን ትኩር ብላ አየችና፣

«የጠማውስ ይህን ሁሉ እንባ ከየት ያመጣል?» አለች።

ልትገሥጸው አልነበረም፤ እውነትም ገርሟት ነው።

አሮጊቷ ከሄደች በኋላ ጥያቄው አናጢውን አላስቀምጥ አለው። በመጨረሻ ሐረጉን ከነጣሳው አወረደና ጣቱን አፈሩ ውስጥ ሰደደ። ጭቃ ነው። ወደ አፍንጫው ቢያስጠጋው ውሃ የበላው እንጨት ጠረን ሸተተው፤ ይህንንማ ዕድሜ ልኩን ያውቀዋል። ጣሳውን ገልብጦ ቢያይ ማፍሰሻ ቀዳዳ የለውም። ሥሩ ግማሽ በግማሽ ጠቁሮ በስብሷል። ያ ሁሉ ጠብታ ለካ ከመጠን ያለፈ ውሃ ነበር፤ ውሃው ሌላ መውጫ ስላጣ ሐረጉ በቅጠሉ ጫፍ ያወጣው ነበር።

የበሰበሰውን ቆረጠ፣ የጣሳውን ቂጥ በመሰርሰሪያ በሳ፣ በደረቅ አፈር መልሶ ተከለው። ከዚያ ወዲያ የቀረው ሥራ አለመንካት ነበር፤ እሱ ነው ያስቸገረው። እጁ በየማለዳው ወደ ውሃ ማሰሮው ይሄዳል። መጀመሪያ ግን አፈሩን ይነካል፤ እርጥብ ሲሆንበት ማሰሮውን ይመልሳል። ማጠጣቱን ሲያቆም ማየት ጀመረ። ሐረጉ ወደ መስኮቱ እንዴት እንደሚያዘነብል፣ አዲስ ቅጠል ከየትኛው አንጓ እንደሚነሣ፣ ይህን ሁሉ አያውቅም ነበር። ቆይቶ ቆይቶ እንደ ወረቀት የተጠቀለለች አንዲት ቅጠል ብቅ አለች። አናጢው ሥራውን ትቶ ቀስ እያለች ስትዘረጋ ሲመለከት ዋለ። የሞተው ግማሹ አልተመለሰም፤ እሱን አልደብቅሽም።

የኔታ ወደ ወይዘሮ የሺመቤት ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ አናጢው አንቺ ነሽ። እንባ ባየሽ ቁጥር ጎደላት ብለሽ ጨመርሽ፤ ምግቡን፣ እንግዳውን፣ ምክሩን። የሚወጣበት ቀዳዳ ግን አልተውሽላትም። ዛሬ ባዶ እጅሽን ግቢና አጠገቧ ተቀመጪ። ምን በዛብሽ ብለሽ ጠይቂያት። መናገር ስትጀምር ደግሞ፣ አደራ፣ ምንም አትጨምሪ።»