አልነሳም ያለችው ፍየልና የአጥናፉ መንገድ

ተረት ነው፤ ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ የቸኮለ ይለፍ!

በዲላ ከተማ አጥናፉ የሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ስሙ አጥናፉ ይሁን እንጂ የዓለምን አጥናፍ ቀርቶ ሞያሌን እንኳ አይቶ አያውቅም። ኬንያ፣ ማርሳቢት የምትኖረው ታናሽ እህቱ ውድነሽ እዚያው ልትዳር ሆነ። አባት የላቸውምና መርቆ የሚድራት እሱ ነው።

«በትልቁ አውቶቡስ ሂድ፤ ቀጥታ ያደርስሃል» አሉት ወዳጆቹ።

«ለእኔ ነው መንገድ የምታስተምሩት? በትንንሹ እየቆራረጥኩ፣ ገጠሩን እያየሁ፣ በርካሽ እገባለሁ!» አለ። ካርታ ገዝቶም ሲያጠና ሰነበተ። ካርታው ላይ መንገዱ ከአውራ ጣቱ አይረዝምም ነበር።

ድንበሩን ተሻገረ። በአንዲት አቧራማ መንደር ከአንዱ አውቶቡስ ወርዶ ሌላው ላይ ወጣ። አውቶቡሱ ግን ንቅንቅ አላለም። ሰርጉ ነገ ጠዋት ነው። ውድነሽ ደወለች።

«ወንድምዬ፣ የት ደረስክ? አንተ ሳትመርቀኝ ከቤት አልወጣም!»

«ደረሰ በይኝ» አለ ዓለም ዘዋሪው፣ በቆመ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ።

የፈለገው ትንሽ ነገር ነው፤ አውቶቡሱ እንዲሄድለት። ደግነቱ የመንደሩ ሰው ቦረና ነው፣ አጥናፉም ኦሮምኛ ይችላል። ወርዶ ሾፌሩን ለመነው።

«ሳይሞላ አልሄድም» አለ ሾፌሩ። «የቀሩት እኚያ ጥላ ሥር የተቀመጡት እናት ናቸው።»

አጥናፉ ወደ አሮጊቷ፣ ወደ አደ ቱሜ ሄደ። «እናቴ፣ ይሳፈሩልኝ። እርስዎ ካልተሳፈሩ አውቶቡሱ አይሞላም፤ አውቶቡሱ ካልሞላ አይሄድም፤ ካልሄደ እህቴ ከቤት አትወጣም!»

«ፍየሌን ጥዬ የት ልሂድ? ልጄ አራስ ናት፣ ወተቱ ለእሷ ነው። ፍየሏ ደግሞ አልነሳም አለች።»

አጥናፉ ጎተታት። ገፋት። እጅ ነሥቶ ለመናት። ፍየሏ አየት አደረገችውና ዓይኗን ጨፈነች።

«እርጥብ ቅጠል ካልቀመሰች አትነሳም» አሉ አደ ቱሜ።

በመንደሩ ያለው አረንጓዴ ዛፍ የኦቦ ገልገሎ ብቻ ነው። ወደ ግቢያቸው ሮጠ። «አባቴ፣ ቅጠል ይስጡኝ! ፍየሏ ሳትበላ አትነሳም፤ ፍየሏ ካልተነሳች አደ ቱሜ አይሳፈሩም፤ እሳቸው ካልተሳፈሩ አውቶቡሱ አይሄድም፤ ካልሄደ እህቴ ከቤት አትወጣም!»

«ዛፌ በጥም ሊሞትብኝ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ውሃ ሳይጠጣ ቅጠሉን አላስነካም።»

ውሃ የሚያመላልሰው ባለጋሪው ዋርዮ ነው። ወደ እሱ ሮጠ። «ወንድሜ፣ ውሃ! ዛፉ ሳይጠጣ ቅጠሉ አይቆረጥም፤ ቅጠል ሳትበላ ፍየሏ አትነሳም፤ ፍየሏ ካልተነሳች አደ ቱሜ አይሳፈሩም፤ እሳቸው ካልተሳፈሩ አውቶቡሱ አይሄድም፤ ካልሄደ እህቴ ከቤት አትወጣም!»

«የጋሪዬ ጎማ ተንፍሷል» አለ ዋርዮ። «መንፊያ ያለው አውቶቡሱ ላይ ነው፤ ረዳቱን ጠይቅ።»

አጥናፉ እያለከለከ ተመለሰ። ‹አንተ የመንገድ ሊቅ› አለ በልቡ፣ ‹በአውቶቡስ እሄዳለሁ ብለህ አገሩን በእግርህ ጨረስከው!›

«መንፊያውማ ጣራው ላይ አለ» አለ ረዳቱ። «ግን ትልቅ ጆንያ ተጭኖበታል። ባለቤቱ ‹እንዳትነካው!› ብሎ በእናቴ ስም አስምሎኛል።»

ይሄኔ አጥናፉ ነደደ። «ምን ዓይነት ክፉ ሰው ነው? በእሱ ጆንያ የተነሳ መንፊያው አይወጣም፤ መንፊያው ካልወጣ ጎማው አይነፋም፤ ጎማው ካልተነፋ ውሃው አይመጣም፤ ዛፉ ሳይጠጣ ቅጠሉ አይቆረጥም፤ ቅጠል ሳትበላ ፍየሏ አትነሳም፤ ፍየሏ ካልተነሳች አደ ቱሜ አይሳፈሩም፤ እሳቸው ካልተሳፈሩ አውቶቡሱ አይሄድም፤ ካልሄደ እህቴ ከቤት አትወጣም! ማነው እሱ ስግብግብ? አሳየኝ!»

ረዳቱ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ጌታው… እርስዎ ነዎት።»

እውነትም እሱ ነው። ‹የሰው አገር ምግብ ውድ ነው› ብሎ ድስቱን፣ የጋዝ ምድጃውን፣ የሳምንት ዳቦና ቆሎ በጆንያ ጠቅጥቆ አምጥቷል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ፤ መሬትም እንደ ፍየሏ አልነቃነቅም አለች። ጣራው ላይ ወጣ። ሌባ እንዳይፈታው ብሎ ያሰረውን ቋጠሮ ራሱም መፍታት አቃተው፤ ተሳፋሪው ሁሉ ቀና ብሎ እያየው በጥርሱ ፈታው።

ጆንያው ወረደ፣ መንፊያው ወጣ። ጎማው ተነፋ፣ ውሃው መጣ። ዛፉ ጠጣ፣ ቅጠሉ ተቆረጠ። ፍየሏ በላች፣ ደግማ በላች፣ አጥናፉን ገላመጠችውና ተነሳች። አደ ቱሜ ተሳፈሩ። አውቶቡሱ ሞላ። ሄደ! ፍየሏም ሌላ ቦታ ጠፍቶ መንገዱን ሁሉ የአጥናፉ እግር ላይ ተኝታ ሄደች።

በማግሥቱ ሚዜዎቹ በር ላይ ቆመው፣ ሙሽራዋ አልወጣም ብላ ስታለቅስ፣ አቧራ የለበሰ ሰው እየሮጠ ገባ። ውድነሽ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ወዲያውም አፍንጫዋን ያዘች።

«ወንድምዬ! ምነው ፍየል ፍየል ሸተትክ?»

«በርካሽ መጥቼ ነዋ» አላት።

እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። እሱም አቧራውን ሳያራግፍ እጁን ዘርግቶ መረቃት፤ ከቤትም ወጣች።

ተረቴ ደረሰች። ወራጅ አለ!