የባለሀብቱ ሁለተኛ ስልክ

ስልክ እያመረተ የከበረ አንድ ባለሀብት መኪናም ማምረት ጀመረ። የታክሲ ተራው ያለበት መሬት የእሱ ነበርና ሹፌሮቹን ሰብስቦ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ምላሰኛ የነበሩትን አንድ አዛውንት ሹፌር ከፊት አቆማቸው።

«ስልክ የሠራ ሰው መኪና አያቅተውም። ያቺን ቆርቆሮህን አስረክበህ የእኔን መኪና ግዛ፤ አለዚያ ከተራዬ ትወጣለህ!» አላቸው።

አዛውንቱ ልጆቻቸውን ያሳደጉባትን ታክሲ ዞር ብለው አዩና ዓይናቸውን በባለሀብቱ ፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ ወዳሉት ሁለት ስልኮች መለሱ።

«ጌታዬ፣ ሁለቱም የእርስዎ ሥራ ናቸው?»

«አንዱ ብቻ።»

«ሌላውስ?»

«የእኔው ድንገት ቀጥ ሲል የምደውልበት ነው።»

«እንግዲያው መኪናዎን እገዛለሁ» አሉ አዛውንቱ፤ «ድንገት ቀጥ ሲል የምትጎትተው ግን ይህቺ ቆርቆሮዬ ናትና አብራኝ ትቆይ።»