ከቁስሉ ላይ የተነሣች እጅ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ የኔታ። የምታዳምጣቸው የአምቡላንስ ነርስ ናት። «የቆሰለ ሰው መንገድ ላይ እጄ ላይ ቢሞት የምከሰሰው እኔ ነኝ። ሐኪም ቤት እስክንደርስ እጄን ሰብስቤ ብቀመጥ አይሻለኝም?» ብላ ጠይቃቸው ነበር።

ሰውየው መኪና በማይገባበት አገር በሽተኛ በቃሬዛ ከሚሸከሙት አንዱ ነው። እስከ ወንዙ የሚያደርሱት የወዲህ ማዶ ሰዎች፣ ከወንዙ የሚረከቡት የወዲያ ማዶ ሰዎች ናቸው። ርክክቡ ያለ ምስክር አይሆንም፤ «ነፍሱ እያለች ተረክበናል» ካልተባለ የሟች ዘመድ ከተሸካሚዎቹ ደም ይፈልጋላ።

አንድ ቀን እንጨት ሲፈልጥ መጥረቢያ ጭኑን የበላው ገበሬ ቃሬዛ ላይ ወጣ። ሰውየው ነጠላውን አጣጥፎ ቁስሉን በመዳፉ ተጭኖ ከጎን ከጎን ሮጠ። ደሙ ቆመ። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ግን ተረካቢ የለም፤ ያለ ርክክብ መሻገር ደግሞ አልተለመደም። የገበሬው ከንፈር ነጥቷል።

ጓደኛው ጠጋ ብሎ «እጅህ ሥር ካለፈ አለቀልህ፤ ገደለው ነው የሚሉህ» አለው።

ሰውየው ጅል አልነበረም፤ ጅልስ እጁን አያነሣም ነበር። ልጆቹ ታዩት፣ ደም መላሽ በራፉ ላይ ቆሞ ታየው። እጁን ከቁስሉ አነሣና «በሕይወት መኖሩን እዩልኝ» እያለ ምስክር ፍለጋ ዳገቱን ወጣ። ሌሎቹ ተሸካሚዎችም ይህን ሲያዩ ራቅ ብለው ቆሙ። ማን ይንካ?

ምስክሮቹን ይዞ ሲመለስ ቃሬዛው በደም ርሷል፤ ገበሬው አልፏል።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ሰውየው «ሲሞት አልነካሁትም፤ ምስክሮቼን ጠይቁ» አለ። ምስክሮቹም ስንደርስ ቁስሉን የያዘ ሰው አልነበረም ብለው ማሉ።

የሟች ሚስት «እጅህ ቁስሉ ላይ ሳለ ደሙ ይፈስ ነበር?» አለችው።

«አይ፣ ቆሞ ነበር።»

«ታዲያ ማን አንሣ አለህ?»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ሽማግሌዎቹ በገዛ ምስክሮቹ ቃል ደሙን እሱ ላይ ፈረዱ።

የኔታ ወደ ነርሷ ዞሩ። «ልጄ፣ ያ ሰው አንቺን እንዳይሆን እሰጋለሁ። ያልተማርሽውን አትሞክሪ፤ እሱ ድፍረት ነው። የምታውቂውን ፈርተሽ ከተውሽ ግን የሰበሰብሽው እጅ ራሱ ይከስሻል። ዳኛው እንኳ ቢምርሽ ሚስቲቱ ትጠይቅሻለች። ያን ጊዜ ምን ብለሽ ትመልሺላታለሽ?»