ሰባተኛው ወረቀት

በአንድ ወቅት ነው፤ መቼ ነው ብላችሁ አታድርቁኝ። በአንድ ሰፊ ሐይቅ ዙሪያ ያሉ ስድስት አገሮች ማኅበር ነበራቸው፤ ያው የአገሮች ዕድር በሉት። መድኃኒቱም ጀልባውም ያለበት የማኅበሩ የእርዳታ መጋዘን ያለ ሊቀ መንበሩ ፊርማ አይከፈትም። ሊቀ መንበሩ ደግሞ ሞቱ። በዚያው ሰሞን ከስድስቱ አንዷ፣ ሐንዳር፣ ወረርሽኝ ገባባት፤ ሰዉ እንደ ቅጠል ይረግፍ ጀመር።

የየአገሩ መልእክተኞች፣ ስድስት ሰዎች፣ ተሰበሰቡ። ለወንበሩ ከመካከላቸው ሦስት ሰዎች ቀረቡ፦ ወይዘሮ ውዳላት፣ ሐጂ ቃሲምና አቶ ተድባበ። አቶ ተድባበማ አራት ድምፅ በኪሳቸው ነበር። ድምፅ ተሰጠ፣ ሳጥኑ ተከፈተ፣ ወረቀቱ ሰባት ሆነ። ሰባተኛው ባዶ ነው፤ ርሷል፣ የሐይቅ ጭቃ ይሸታል። ትርፍ ወረቀት የወጣበት ምርጫ አይጸናም ይላል ደንባቸው። ደገሙ፤ ሰባት። ሳጥን ለወጡ፣ ሰዉን በር ላይ ፈተሹ፤ ሰባት። እንዲህ ሲሉ ዘጠኝ ቀን አለቀ። ከሐንዳር የሚደወለው ስልክ መጀመሪያ ይለምን ነበር። ኋላ ሲያነሱት ትንፋሽ ብቻ ሆነ።

ወረቀቱ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቁታል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገረው ነው የጠፋው። ሰልማት የምትባል ሰባተኛ አገር ነበረች። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት እነሱ እንዲሁ በሹመት ሲጨቃጨቁ፣ ጀልባው መጋዘን ውስጥ እንደተቆለፈበት ሐይቁ ሞልቶ በላት። ከነሕዝቧ።

ወይዘሮ ውዳላት ተነሡ። ምድር ቤት ወርደው የሰልማትን አሮጌ ወንበር በገዛ እጃቸው እየጎተቱ አመጡና ከጠረጴዛው አስጠጉት።

«ሰልማት ናት። ጠጋ በሉላት» አሉ።

የወንበሩ መቀመጫ ቀስ እያለ ረጠበ፣ ልክ ሰው እንደተቀመጠበት። ወረቀቷም ከዚያ ወዲያ ትርፍ መሆኑ ቀረ። ግን ከወንበሩ ሥር ውሃ መንጠባጠብ ጀመረ።

ሰዉ አፉን ከፍቶ ሲያይ ሐጂ ቃሲም ሶላት ደረሰብኝ ብለው ወጡ። በቀጥታ መጋዘን። የሟቹን ፊርማ አስመስለው ፈረሙ፣ መድኃኒቱን አስጫኑ። ሐንዳር ተረፈች። ተመልሰው አንድም ሳይደብቁ ተናገሩ። አንዱ መልእክተኛ ነገር ፈለጋቸው፦

«ሐጂ፣ በሞተ ሰው እጅ የፈረመ ነገ በእኛስ እጅ አይፈርምም?»

«እናንተማ በሕይወት ያለ እጅ ይዛችሁ አልፈረማችሁም» አሉት።

ውሃው ግን አልቆመም። ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ጉልበት። በሩን ቢገፉት እንቢ አለ። ያን ጊዜ አቶ ተድባበ ውሃው ውስጥ በጉልበታቸው ተንበረከኩ፣ ወደ ባዶው ወንበር ዞረው።

«ያኔ ምርጫውን አርባ ቀን ያጓተትኩት እኔ ነኝ። የአገሬ ሰው ካልተሾመ ብዬ። ውሃው በራችን ደረሰ የሚል ደብዳቤ ልካችሁልኝ ነበር፤ አንብቤ ዝም አልኩ።»

ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። ውሃው ሸሸ፣ በሩም ተከፈተ።

እንደገና መረጡ። ሁለት ለውዳላት፣ ሁለት ለቃሲም፣ ሁለት ለተድባበ። የቀረችው ሰልማት ናት፤ ወረቀቷ ደረቅ ሆኖ፣ አሁንም ምንም ሳይጻፍበት ጠረጴዛው ላይ አለ።

እስቲ ፍረዱ። ቦታዋን የመለሱላት አሉ። ለእሷ ያልተደረገውን ለሌላዋ ያደረጉ አሉ። ገድለዋት እውነቱን የነገሯት አሉ። እናንተ ሰልማትን ብትሆኑ፣ የማንን ስም ትጽፋላችሁ?